ስሜቱ መጀመሪያ፣ ፍሬሙ በኋላ

ዘንድሮ አዲስ ሌንስ አልገዛሁም። ዋጋውን የሚያውቅ ያውቀዋል። የተለወጠው አንድ ልማድ ብቻ ነው። ካሜራውን ከቦርሳ ከማውጣቴ በፊት «እዚህ ምን ተሰማኝ?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱንም ስልኬ ላይ አጠር አድርጌ እጽፋለሁ። «ያምራል» መልስ አይሆንም፤ ሁሉም ነገር ያምራል። «ነፋሱ ሊጥለኝ ነው» ግን መልስ ነው። «እዚህ ባድር ደስ ባለኝ» የሚለውም እንደዚያው።

ነገሩ ፍልስፍና ሊመስል ይችላል፤ ሥራ ላይ ግን በጣም ይጠቅማል። አድማሱ የት ይሁን፣ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ ምን ያህል ልራቅ የሚለውን ሁሉ የሚወስንልኝ ያ መልስ ነው። ድሮ የሚወስንልኝ ፍሬሙን፣ ማለትም ካሜራው የሚያሳየውን ክልል፣ ቁልቁልም አግድምም ለሦስት የሚከፍለው መስመር ነበር። መስመሩን አልጠላውም። ስልካችሁ ላይ ከፍታችሁ ተለማመዱበት፣ እጅ ያፍታታል። የተሰማችሁን ግን አይነግራችሁም።

ከፎቶ ቡድናችን ጋር መንዝ ጓሳ ሄደን የገጠመኝን ላጫውታችሁ። ለማታውቁት፣ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ቤት ከሚከደንበት የጓሳ ሣር ነው። የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው ስለኖረ ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይታይበታል። ብርዱ አይጣል ነው፤ ጓንት ሳትይዙ እንዳትሄዱ።

ጭላዳዎች የሚያድሩት ገደል ላይ ነው። ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጡና ሣር መንጨት ይጀምራሉ። እኛም በዚያ ሰዓት ደረስን። አንድ ትልቅ ወንድ ገደሉ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የሁላችንም ካሜራ ወዲያው ደረቱ ላይ ወዳለው ቀይ ምልክት ዞረ። እኔ ስልኬ ላይ የጻፍኩት «ነፋሱ ሊጥለኝ ነው» የሚለውን ነበር። ፊቱን አቅርቤ ፍሬሙን ብሞላው ደግሞ ነፋሱ የት ይገባል?

ስለዚህ ዙሙን ከ200 ሚሊ ሜትር ወደ 70 መለስኩት። ገደሉና ሰማዩ ገቡ፣ እሱ ትንሽ ሆነ። ፊቱን ወደ ነፋሱ ስላዞረ ጎፈሩ በሙሉ ወደ ኋላ ይርገበገባል። የተለመደው ምክር እንስሳው በሚያይበት በኩል ባዶ ቦታ ተዉለት የሚል ነው። እኔ ገለበጥኩት። ከፊቱ ምንም አልተውኩም፤ ባዶውን ሁሉ ከኋላው፣ ጎፈሩ በሚበርበት በኩል አደረግኩት። ዓይን ከጭላዳው ይነሳና ጎፈሩን ተከትሎ ወደ ባዶው ይሄዳል። ከዚያ ብርሃኑ እንዳይበዛ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) 16 አድርጌ የሹተር ፍጥነቱን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ወደ 1/30 ሰከንድ አወረድኩት፤ ሣሩ ሲወዛወዝ እንዲታይ ብዬ ነው። አብዛኞቹ ላይ ጭላዳው ራሱ እየተነቃነቀ ደብዝዟል። አንዷ ላይ ግን እሱ ቀጥ ብሎ ሣሩ ብቻ ወዲያና ወዲህ ሸሽቷል።

ጓደኛዬ አይቶ «ፊቱ የታለ?» አለኝ። እሱ ባነሳው ላይ የዓይኑ ሽፋሽፍት ይቆጠራል። ጥሩ ፎቶ ነው፣ አልክድም። እሱን የያዘው ፊቱ ነበር፣ እኔን ነፋሱ።

ብርሃን ላይም እንዲሁ ነው። ክረምት ላይ እንጦጦ በጉም ሲሸፈን የወጣ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ያገኘውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ይወዳል። ጉሙ ነጭ ስለሆነ አጨልሞ ያወጣዋል። መፍትሔው ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን (የፎቶውን ድምቀት መጨመሪያና መቀነሻውን) ፕላስ አንድ ገደማ ማድረግ ነው፤ ስልክ ላይ ደግሞ ስክሪኑን ነክታችሁ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ላይ መሳብ። ጉሙ ይነጣል፣ ባሕር ዛፎቹ የተንሳፈፉ ይመስላሉ።

አንድ ጠዋት ግን ብቻዬን ወጣሁና ስልኬ ላይ የጻፍኩት «እዚህ ጅብ ይኖር ይሆን?» የሚል ሆነ። አትሳቁ። ያን ቀን መለኪያው ያለውን ሰማሁት፣ ዜሮ ላይ ተውኩት። ጉሙ ግራጫ ሆነ፣ ግንዶቹ ጠቆሩ። በቀኝ በኩል የምትታየውን የእግር መንገድም ከፍሬም አስወጣኋት። መንገድ ከታየ መውጫ አለ፤ መውጫ ካለ ምን ያስፈራል?

ይሄ የኔ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 ዮሰሚቲ በሚባለው የካሊፎርኒያ ፓርክ ውስጥ ሀፍ ዶም የሚባለውን ግዙፍ ዓለት ሲያነሳ የቀሩት ፎቶ የሚነሳባቸው ሁለት የመስታወት ፕሌቶች ብቻ ነበሩ። አንዱ ላይ በቢጫ ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱ ላይ በሚገጠም ባለቀለም ማጣሪያ፣ አነሳ። ወዲያው ግን ሰማዩ እሱ እንደተሰማው እንደማይሆን ታወቀው። በመጨረሻው ፕሌት ላይ ደማቅ ቀይ ፊልተር ገጠመ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀዩ ፊልተር ሰማያዊውን ብርሃን ከልክሎ ሰማዩን ጥቁር አደረገው። ዓለቱም ያን የሚያህል ግርማ አገኘ። ያን ቀን ዮሰሚቲ ላይ ጥቁር ሰማይ አልነበረም። ስለዚህ ኤዲቲንግን (ፎቶን ካነሱ በኋላ ማስተካከልን) «ማጭበርበር ነው» ለምትሉን ወዳጆች ይቺን ታሪክ ያዙልኝ። ደመና ከሌላ ፎቶ ቆርጦ መለጠፍ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ ላይ ከናንተ ጋር ነኝ።

አደይ አበባ ላይ ግን እስካሁን እየተከራከርን ነው። መስከረም ሲጠባ ሁላችንም አንድ ዓይነት ፎቶ ይዘን እንመጣለን፦ ፀሐይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ሰማይ። እኔ አደይ ሳይ ትዝ የሚለኝ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው የሚል የሆድ ቁርጠት ነው። አዲስ ደብተር፣ አዲስ አስተማሪ፣ ያልተሠራ የክረምት የቤት ሥራ። ዘንድሮ እሱን ላንሳ ብዬ ደመና እስኪመጣ ጠበቅኩ። መሬት ላይ ተኝቼ ሦስት አራት አበባ ብቻ ከታች ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ፤ የቀረውን ሁሉ ለከበደ ሰማይ ለቀቅኩት። «ፀሐይ እስክትወጣ ብትጠብቅ ምን ነበረበት?» የሚል አስተያየት ደርሶኛል። አንዲት የቡድናችን ልጅ ግን ምንም ሳልነግራት «ይሄ ነገር ሰኞን አስታወሰኝ» አለችኝ። ለኔ ይሄ ከመቶ ላይክ ይበልጣል።

አንድ የምትሞክሩት ነገር ልጨምር። ኮምፖዚሽኑ፣ ማለትም የፍሬሙ አደራደር፣ መያዙን ለማየት ፎቶውን ገልብጡት፣ ላዩን ወደ ታች። በትልልቅ የጥንት ካሜራዎች የሚሠሩ ሰዎች ከካሜራው ጀርባ ባለው መስታወት ላይ የሚያዩት ምስል ድሮም የተገለበጠ ነው። ሲገለበጥ ጭላዳው ጭላዳ መሆኑ ይቀርና ጥቁር ቅርጽ ብቻ ይሆናል፤ ክብደቱ ወዴት እንዳጋደለ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጥግ ላይ ተደብቃ ዓይን የምትሰርቅ ነጭ ፌስታልም የምትያዘው ያኔ ነው።

እስካሁን አልፈታ ያለኝ ሐይቅ ነው። ላንጋኖ ዳር ስቆም ስፋቱ ደረቴን ይከፍተዋል። ፎቶው ላይ ግን አንድ ቀጭን ቡናማ መስመር ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰፊ ሌንስ ባሰበት፤ ውሃውን ይበልጥ አሳነሰው። አሁን የማስበው ሰማዩን ጨርሶ አውጥቼ ፍሬሙን በዚያ ቡናማ ውሃ ብቻ መሙላት ነው፤ ለመጠኑ ማሳያ አንዲት ወፍ ብትገኝ ደግሞ እሰየው። ሰማይ ሳታስገቡ የሞከራችሁ ካላችሁ ከየትኛው ከፍታ እንዳነሳችሁ ንገሩኝ። ከባሕር ዳርቻው አሸዋ ላይ ቆሞ እንደማይሆን ገብቶኛል፤ ወደ ላይ ወጣ ያለ ቦታ እየፈለግኩ ነው።