የሐጂ ደብተር

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ የትናንቱን ልጻፈው።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ቤቴ ደሴ። ትናንት የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ሚኒባሱ በጭንቅ ነበር የሚሄደው። ስደርስ መሽቷል። የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት አልቋል፤ ቀጥታ ፋርማሲ ገባሁ።

መብራት ጠፍቶ ነው የዋለው። ልጅቷ መድኃኒቱን አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ። ልከፍል ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። አጥፍቼ አበራሁት። ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። ምንም። «እህቴ፣ ካሽ አልያዝሽም?» አለችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የታክሲ መልስ 40 ብር ብቻ ነው ያለው። ደመወዜ በሙሉ ስልኬ ላይ ነው። ልጅቷ አዘነችልኝ፤ ግን ተቀጥራ ነው የምትሠራው፣ ምን ታድርግ?

ኢንተርኔት ባይኖርም በኮከብ ምልክት የሚጀምረው የመክፈያ አጭር ቁጥር አለ ብዬ እተማመን ነበር። እውነት ነው፣ እሱ ዳታ አይፈልግም። ግን የሚያልፈው በዚያው በኔትወርክ ማማ ነው። ማማው መብራት ሲጠፋበት በባትሪ ወይ በጄኔሬተር ይቆያል። እነሱም ሲያልቁ አፑም፣ አጭር ቁጥሩም፣ ጥሪውም አንድ ላይ ጸጥ ይላሉ። እማዬን «ትንሽ ጠብቂኝ» ልላት እንኳ አልቻልኩም። ሦስት መንገድ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድ ነው።

ትልልቆቹም እንዲህ ይገጥማቸዋል። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክ ለ6 ሰዓት ገደማ ሲቋረጥ፣ የገዛ ሠራተኞቹ የቢሮ መግቢያ ካርድ አልሠራ ብሏቸው ነበር። ጥገናውም በሩም በዚያው በጠፋው መስመር ላይ ተንጠልጥለው ኖሯል።

ሰፈር ስደርስ ሐጂ ሱቅ ገባሁ። ነገሩን ሳልጨርስ «አብሽሪ ልጄ» ብለው ከመሳቢያቸው 500 ብር ቆጠሩልኝ። ከዚያ ደብተራቸውን አወጡ። ዳር ዳሩ የተበላ፣ ዘይት የጠጣ ደብተር ነው። እርሳሱ በሲባጎ ታስሮበታል። በሻማ ብርሃን ስሜን ጻፉ። የአባቴን ስም ሲጨምሩበት እንባዬ መጣ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል።

የሚያንገበግበኝ ይሄን ነገር አለማወቄ አይደለም፤ እያወቅኩ መርሳቴ ነው። በጥቅምት 2014 ከተማችን በጦርነቱ ስትያዝ ባንክ ተዘግቶ፣ ስልክ ተቆርጦ ከወር በላይ ኖረናል። ያኔ ያቆየን ፍራሽ ሥር የነበረ ብርና የጎረቤት ዱቄት ነው። በሐምሌ 2015 ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንቱ ሰው ሥራው ቆመበት። ይሄን ሁሉ አይቼ ሳንቲም ሳልይዝ እወጣለሁ።

በስልክ መክፈልን አልጠላም። ስንት ሰልፍ አስቀርቶልኛል። ነዳጅ ከግንቦት 2015 ጀምሮ በመላ አገሪቱ እንደዚያ ነው የሚከፈለው፣ ባለ መኪና ምርጫ የለውም። እኔ ግን ነበረኝ። የእማዬን መድኃኒት በአንድ ክር ያንጠለጠልኩት እኔ ነኝ።

ማታውኑ ስልኬን ገልብጬ የማን ቁጥር በቃሌ እንደማውቅ ሞከርኩ። የራሴና የእማዬ ብቻ። የእህቴን እንኳ አላውቅም! ልጅ ሆኜ የሰፈሩን የቤት ስልክ ሁሉ በቃሌ ነበር የምይዘው። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ገልብጬ ቁም ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩ።

ዛሬ ኔትወርኩ ስለተመለሰ ባንክ ሄጄ ብር አወጣሁ። 1,000 ብር በፖስታ አድርጌ ከእማዬ ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር አስቀመጥኩ። «የመድኃኒት» ብዬ ጻፍኩበት።

ከዚያ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ብሩን ተቀብለው ደብተሩን ገለጡ፤ ስሜ ላይ በእርሳሱ አንድ መስመር አሰመሩበት። ቀና ብለው «እናትሽስ ደህና አደረች?» አሉኝ።