ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ አራት ዲግሪ

በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ማዕከል ነዋሪዎች በየክፍላቸው አነስተኛ ፍሪጅ እንዲኖራቸው ይፈቀዳል። ቤተሰብ ይዞት የሚመጣው ምግብ የሚቀመጠው እዚያ በመሆኑ፣ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የፍሪጁን ቴርሞሜትር አንብቦ በቅጽ ላይ መመዝገብ የነርሶች ሥራ ነው። የአንዲት እናት ቅጽ ከላይ እስከ ታች አራት ወይም አምስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይል ስለነበር፣ ተቆጣጣሪ ቢያየው እንከን የሚያወጣለት አልነበረም።

ያጠራጠረኝ ቁጥሩ ሳይሆን በረዶው ነው። እኚሁ እናት ውኃቸው ላይ በረዶ እንድጨምርላቸው ጠይቀውኝ ሳህኑን ሳወጣው፣ ለየብቻ ተቆራርጦ የተቀመጠው በረዶ ተጣብቆ አንድ ጓል ሆኗል፤ እንዲህ የሚሆነው ደግሞ ቀልጦ እንደገና ሲረጋ ነው።

«እማማ፣ ፍሪጁ ጠፍቶ ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«ሌሊት ሲያጉረመርም እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ስተኛ እነቅለዋለሁ፣ ስነሳ መልሼ እሰካዋለሁ» አሉኝ፣ ምንም ሳይደብቁ።

ከሰዓት በኋላ እኛ እስክንደርስ ፍሪጁ ከማለዳ ጀምሮ ሲሠራ ስለሚውል ይቀዘቅዛል፤ ቅጹም የሚያውቀው ያችን ሰዓት ብቻ ነው። ውስጡ ግን ልጃቸው ያመጣችው ሾርባና ለስላሳ አይብ በየሌሊቱ ሲሞቅ ያድር ነበር። ምግብ የሚመርዙ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት በፍጥነት ይራባሉ። ሊስቴሪያ የተባለው ደግሞ በደህና ፍሪጅ ውስጥ እንኳ ቀስ እያለ ያድጋል፣ አረጋውያንን ክፉኛ ያጠቃል፤ ሕመሙ ምግቡ ከተበላ ከሳምንታት በኋላም ሊጀምር ስለሚችል መነሻውን ማወቅ ያስቸግራል።

ምግቡ መጣል ነበረበት። እርሳቸው «አሽትቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ብለው ተከራከሩኝ፤ ሆኖም በሽታ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ሽታም ጣዕምም ላይለውጡ ይችላሉ። ነዋሪው ከክፍሉ ሲወጣ ጠብቀው የሚጥሉ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ ይህን አልደግፍም፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ጊዜ ምግቡ የሚደበቀው ቁምሣጥን ውስጥ ነው፣ እዚያ ደግሞ ቴርሞሜትር የለም። ስለዚህ ለልጃቸው አብረን ደወልን፤ እርሷ «ሌላ አመጣለሁ» ስትላቸው ሾርባውን በገዛ እጃቸው ደፉት።

ድምፁን በተመለከተ ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ። የጥገና ሠራተኛው ከፍሪጁ እግሮች አንዱ ወለሉን አለመንካቱንና ጀርባው ግድግዳውን እየነካ መንቀጥቀጡን አይቶ እግሩን አስተካከለ፣ ከአልጋው ራስጌም አራቀው። እኛም የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት የሚይዝ ቴርሞሜትር በየክፍሉ አስገባን፤ ቅጹ ላይም «ከፍተኛ» የሚል ዓምድ ጨመርን። ይህ ዓምድ ብዙም ሳይቆይ ከሌላ ክፍል 11 ዲግሪ አሳየን፤ እዚያ የነቀለ ሰው አልነበረም፣ የፍሪጁ በር ላስቲክ ተሰንጥቆ ነው።