ሁለተኛው 3 ከየት መጣ?

ሰሞኑን ልቤ ከብዶኛል። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ ይሄ ነው የምለው የለኝም። ሙቀቱም ሊሆን ይችላል። ድሬ ከምሳ በኋላ እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ። ከዚራ ዛፍ ዛፉ ስር ሰው ጋደም ብሏል። መጋላ ሱቁ ሁሉ ገርበብ ነው። ባጃጅ እንኳ አልፎ አልፎ ነው የሚሰማው። ሥራም አይያዝ፣ እንቅልፍም አይመጣ። ዝም ብሎ ማሰብ ብቻ። እኔ ደግሞ ሰሞኑን ማሰብ አልፈለግኩም።

በዚህ ሰዓት ነው ትንሿ ደብተሯን ይዛ ከች ያለችው። አልጀብራ ጀምረዋል።

"አክስቴ፣ እስኪ ይቺን እዪልኝ።"

ጥያቄው 3(ሀ + 4) ነው። ቅንፉን ፍቺ ይላል። እሷ 3ሀ + 4 ብላ ጽፋለች፤ በቀይ ተሰርዞባታል። ከላይ ደግሞ ደንቡ በራሷ እጅ ጽሑፍ ተቀምጧል። ከቅንፍ ውጭ ያለው ቁጥር ቅንፍ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ያባዛል። ከ3 ወደ ሀ አንድ ቀስት፣ ከ3 ወደ 4 ሌላ ቀስት ተስሏል። የስርጭት ባህርይ የሚሉት እሱ ነው። ደንቡን ጠየቅኳት። አንድ ቃል ሳትስት በቃሏ ወጣችው።

"ታዲያ 4ቱን ለምን ተውሽው?"

"አቦ፣ 3ቱ አንድ ነው አይደል? ለሀ ሰጠሁት። ለ4 የሚሆን ሁለተኛ 3 ከየት ላምጣ?"

ይሄን ጥያቄ ወደድኩት። በጣም ነው የወደድኩት። ይቺ ልጅ ሰነፍ አይደለችም፣ አልዘነጋችም። ያለው 3 አንድ ብቻ መሆኑን አይታለች። አንድ ነገር ለሁለት ሰው ሳይቀነስ እንዴት ይደርሳል ብላ ነው የቆመችው። ደንቡን ደግሜ ብነግራት ጥያቄዋን አፍኜ ማለፍ ነበር የሚሆነው።

መጀመሪያ ቁጥር አስገቢበት አልኳት። ሀ 2 ቢሆንስ? ቅንፉ 6፣ ጠቅላላው 18። የእሷ መልስ 10። 8 ጎደለ። ሀ 5 ቢሆን? 27 እና 19። አሁንም 8። ሀ 100 ቢሆን? 312 እና 304። ከወንበሯ ተነሳች። "ሁሌ 8 ነው!" ሀን ምንም ብናደርገው የሚጎድለው ያው 8 ነው። እንግዲህ የጎደለው ከሀ በኩል አይደለም ማለት ነው። ከ4 በኩል ነው። 8 ደግሞ ሁለት ጊዜ 4 ነው።

ከዚያ ቀፊራ ገበያ ወሰድኳት፣ በሐሳብ። ሦስት ፌስታል ይዘሻል። እያንዳንዱ ውስጥ ስንት እንደሆነ ያልቆጠርሽው ማንጎና 4 ሎሚ አለ። ሦስቱም እኩል ናቸው። ቤት ስትደርሺ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍሽው። ማንጎው ሦስት እጥፍ ነው። ሎሚውስ? "12" አለች። አንቺ የጻፍሽው ግን ማንጎውን ከሦስቱም ፌስታል አውጥተሽ፣ ሎሚውን ከአንዱ ብቻ ነው። የሁለቱ ፌስታል ሎሚ እዚያው ቀርቷል። 8 ሎሚ።

ትንሽ ዝም አለች። ቀጥላ ምን እንዳለች ልንገራችሁ። "ለካ 3ቱ ለማንም የሚሰጥ አይደለም። ስንት ጊዜ እንደሆነ ነው የሚናገረው።"

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔ የለኝም።

በቀስቱ ላይ ያለኝን ቅሬታ ልናገር። ቀስት እጅን ያፈጥናል፣ አልጠላውም። ምክንያቱ ሳይገባ ቀስቱ ከቀደመ ግን ልጅ ቀስቱን የማይገባበት ሁሉ ይዞት ይሄዳል። 3(ሀ × 4) ሲመጣ 3ሀ × 12 ይላል፤ ትክክለኛው 12ሀ ሆኖ ሳለ። ቅንፍ ውስጥ መደመር ወይም መቀነስ ከሌለ ስርጭት የሚባል ነገር የለም። (ሀ + 4)² ሲመጣ ደግሞ ሀ² + 16 ብሎ ያልፋል። በሀ ቦታ 1 አስገቡ። አንዱ 25፣ ሌላው 17። መሀል ላይ 8ሀ ጠፍቷል። ይሄን ስህተት ትልልቅ ተማሪዎችም ይሠሩታል። ሥሩ ያለው ግን እዚህ የመጀመሪያው ቅንፍ ላይ ነው። ቁጥር አስገብቶ መፈተሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለልጅ መሰጠት አለበት ብዬ አምናለሁ። ራሷን በራሷ የምታርመው በሱ ነው።

ትንሿ ቀጣዩን ይዛ ቁጭ አለች። −2(ሀ − 5)። እኔ ግን ቀፊራ ቀርቼ ነበር። እማ ትዝ አለችኝ።

እማ ቀፊራ ቲማቲምና ሽንኩርት ስትሸጥ ኖራለች። ደብተር የላት፣ ካልኩሌተር የላት። ገዢው በሶማሊኛ ይጠይቃታል፣ በኦሮምኛ ለሌላው ትመልሳለች፣ ሒሳቡን በአማርኛ ታሰላዋለች። ኪሎው 38 ነው እንበል፣ ሰውየው 7 ኪሎ ፈለገ። "ሰባት አርባ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ። ሰባት ሁለት፣ አሥራ አራት ይነሳለት። ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት።" እስትንፋስ ሳትወስድ። 7(40 − 2) ማለት እኮ ነው። 40ውንም 2ቱንም በ7 አባዝታለች። አንዱን አልተወችም። ብትተወው ኖሮ ከሰውየው 278 ትቀበል ነበር፤ እሱም ዝም አይላትም።

መልሱ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ሰውየው 300 ብር ሰጣት። እማ ለመልሱ 266ን አታነሳም። "ከሦስት መቶ ሁለት መቶ ሰማንያ ሲወጣ ሃያ። አሥራ አራቱ የሱ ነው፣ ይመለስለት። ሠላሳ አራት።" 300 − (280 − 14)። ቅንፉ ሲፈታ የ14 ምልክት መደመር ይሆናል። በትምህርት ቤት ነጌቲቭ በነጌቲቭ ፖዘቲቭ ነው ብለን የሸመደድነው እዚህ ቀፊራ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ከሰው ላይ አብዝተህ ከወሰድክ፣ ያበዛኸውን ትመልሳለህ። የትንሿ −2(ሀ − 5)ም ያው ነው። −2ሀ፣ ከዚያ ያበዛነውን ለመመለስ + 10።

ይሄን ሳስብ ስለ ሒሳብ ሊቁ አል-ኸዋሪዝሚ ያነበብኩት መጣብኝ። 9ኛው ክፍለ ዘመን፣ ባግዳድ። አልጀብራን ሲጽፍ ሀም የለ፣ ቅንፍም የለ፣ የመደመር ምልክትም የለ። ሁሉም በቃላት ነው። አሥር እና አንድ፣ በአሥር እና ሁለት ሲባዛ፣ ይላል። አሥር በአሥር 100፣ አሥር በሁለት 20፣ አንድ በአሥር 10፣ አንድ በሁለት 2፤ ድምሩ 132። እንደ እማ። ልክ እንደ እማ! ከሱ በፊት ከ1,000 ዓመት በላይ ቀድሞ የግሪኩ የጂኦሜትሪ ሊቅ ዩክሊድ ይሄንኑ ነገር በአራት ማዕዘን አሳይቶታል። አንዱን ጎን ቆራርጠህ የየክፍሉን የቦታ ስፋት ለየብቻ ብታሰላው፣ ድምሩ ከሙሉው ጋር እኩል ነው። ስርጭት የሚለውን ስም የሰጠው ሰርቮዋ የሚባል ፈረንሳዊ ግን የመጣው በፈረንጆች 1814 ነው። ስም እስኪወጣለት ድረስ ሰው ሁሉ ሲሠራበት ኖሯል።

እማን ያልተማረች የምንላት ታዲያ በምን ሒሳብ ነው? እሷም ራሷን እንደዚያ ነው የምትጠራው። ትንሿ ሒሳብ ስትጠይቃት "እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ አክስትሽን ጠይቂ" ትላታለች። እኛም ያንን ሰምተን ዝም እንላለን። ልጅቷ እኔ ዘንድ የመጣችው እማ አጠገቧ ተቀምጣ እያለች ነው እኮ። የ300ውን ብር መልስ እማ ብትነግራት ከኔ ማንጎና ሎሚ ይልቅ ይገባት ነበር።

ግን እርግጠኛ ያልሆንኩበት ነገር አለ። እማ 38ን 40 ሲቀነስ 2 አድርጋ ታየዋለች፤ 38 ስለሆነ። ቁጥሩን ማንም ባይነግራትስ? ኪሎው ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ሀ ብር ነው ቢባል፣ እዚያ ላይ እሷም እንደ ትንሿ ትቆማለች ወይስ ምን ችግር አለው ብላ ታልፋለች? አንድ ሰው በልጅነቷ ያንን ሀ ጽፎ ቢያሳያትስ ኖሮ፣ የት ትደርስ ነበር? ወይስ ሀ ያስፈለገን እኛ ነን፣ ቀፊራን ስለማናውቅ?

ነገ ልጠይቃት ብዬ አስባለሁ። ግን ምን ብዬ ነው የምጀምረው?