የጉሎው ቅጠል ከሽንኩርት ማሳ ዳር ነበር

መቂ አካባቢ ኤሪ የሚባለውን፣ ጉሎ ቅጠል የሚበላውን የሐር ትል በምናረባበት ቤት ስሰራ የገጠመኝ ነው። ትሎቹ አራተኛ ቆዳቸውን ጥለው የመጨረሻው እድሜ ላይ ነበሩ፣ ትል ያረባ ሰው ያውቀዋል፣ እዚህ ሲደርሱ ቅጠል አይበቃቸውም፣ በህይወታቸው ከሚበሉት አብዛኛውን በነዚህ ጥቂት ቀናት ነው የሚጨርሱት፣ ማታ ሲያኝኩ ድምፁ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ነው። የኛ ጉሎ አለቀ። ጎረቤት ካለው ሽንኩርት ማሳ ዳር ለምለም ጉሎ አየሁና 2 ጆንያ ቆርጬ አመጣሁ፣ አቧራውን አጥቤ አናፍሼ ለ3ቱ መደርደሪያ ሰጠሁ፣ 4ኛውን የተረፈችው የራሳችን ቅጠል ደረሰችው።

ጠዋት በሩን ስከፍት ቤቱ ጭጭ ብሏል። ትሎቹ ቅጠሉን ትተው ጭንቅላታቸውን ቀና አድርገው ያወዛውዛሉ፣ ከአፋቸው አረንጓዴ ውሃ ይወጣል፣ ጣት የሚያክለው ገላቸው ተኮማትሯል። በሽታ መሰለኝ። መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የሰለጠነች ባልደረባዬ ግን አየችና "በሽታ ባንድ ሌሊት ሁሉንም አይመታም፣ ይሄ መርዝ ነው፣ 4ኛውን እይው" አለችኝ። 4ኛው መደርደሪያ ላይ ያሉት ደህና ናቸው፣ ይበላሉ።

የሽንኩርቱ ባለቤት ጋ ሮጥኩ። "አባባ፣ ሰሞኑን መድኃኒት ረጭተዋል እንዴ?"

"ከትናንት ወዲያ ነዋ ልጄ፣ ለትሪፕስ፣ ለዚች የሽንኩርት ተባይ። ምነው ቀድመሽ በነገርሽኝ!" ከልባቸው አዘኑ።

እሳቸው የራሳቸውን ማሳ ነው የረጩት፣ ነፋስ ነው ወደ ጉሎው የወሰደው፣ ሳልጠይቅ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ትሪፕስን ለመግደል የተሰራ ኬሚካል የሐር ትልን አይመርጥም፣ እሱም ነፍሳት ነው፣ አይን የማያየው ቅሪት ይበቃዋል። ማጠቡ ደግሞ አቧራውን እንጂ ቅጠሉ ውስጥ የሰረገውን አያወጣም።

ድር ሊፈትሉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው የ3 ሳምንት ልፋታችንን ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው፣ ለዶሮ እንስጠው ያለ ሰውም ነበር፣ እምቢ አልኩ፣ መርዙ ወደ ዶሮዋ ከዛም ወደ እንቁላሉ እንዲሄድ አልፈለግኩም።

አሁን ከውጭ የመጣ ቅጠል መጀመሪያ 20 ለሚሆኑ ትሎች ብቻ እንሰጥና እስከ ነገ እንጠብቃለን፣ የራሳችንን ጉሎም ከማሳውና ከመኪና መንገዱ አርቀን ተከልን። አባባ ሊረጩ ሲሉ ዋዜማውን ይደውሉልኛል፣ "ነገ ጠዋት ነው፣ ቅጠላችሁን ዛሬ ሰብስቡ"፣ ባለፈው ደግሞ ነፋስ ተነሳና ለኛ ብለው ሳይረጩ ዋሉ።