ለኳስ ብዬ ድሬ ወርጄ ፋብሪካ ስዞር ሰነበትኩ

የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ከተዘጋ ወዲህ እንደ እኔ ያለ የኢትዮጵያ ቡና ክለብ ደጋፊ ወይ ኳስ የሚያሳይ ቤት ሻይ ይዞ ይቀመጣል፣ ወይ ውድድሩን ተከትሎ አገር ይዞራል። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦቹን አንድ ከተማ ሰብስቦ ለሳምንታት ያጫውትና ጓዙን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። ክለቦችን ከገዛ ሜዳቸውና ከገዛ ደጋፊያቸው የነጠለ አሠራር ስለሆነ አልወደውም። ለመንገደኛ ግን ይመቻል፤ በአንድ ቀን ሁለት ጨዋታ አይተህ ታድራለህ፣ በማግስቱም እንደዚያው። ድሬዳዋ ተራው ሲደርሳት ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ወስጄ ወረድኩ።

ከሌሎቹ ከተሞች ድሬን ያስመረጠኝ የድሮ ነገር ነው። ሰፈር ውስጥ ስለ ኳስ ክርክር በተነሳ ቁጥር ትልልቆቹ «ጥጥ ማኅበርን ሳታዩ ስለ ኳስ አታውሩ» ይሉን ነበር። ጥጥ ማኅበር የድሬዳዋ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነው። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ ወስዷል፤ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቻኖ ቫሳሎም ለዚህ ክለብ ተሰልፏል። ሲሚንቶም ቡድን ነበረው፣ ምድር ባቡርም ነበረው። በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ፋብሪካና ሦስት ማልያ ማለት ነው። ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ የከተማዋን ስም ይዞ የሚጫወተው ድሬዳዋ ከተማ፣ ብርቱካናማዎቹ፣ የከተማ አስተዳደሩ ክለብ ነው። እነዚያ የፋብሪካ ቡድኖች የት ገቡ? ይህን ይዤ ነው የሄድኩት።

መሄጃውን በባቡር አድርጉት። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ጠዋት ትነሳላችሁ፤ አዳማን፣ አዋሽን፣ ሚኤሶን አልፋችሁ ከሰዓት በኋላ ድሬ ትደርሳላችሁ። አውቶቡስ በአሰበ ተፈሪና በቁሉቢ ዞሮ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄድ ባቡሩ ቆላ ቆላውን ስለሚይዝ ሙቀቱን ቀስ እያላችሁ ትለምዱታላችሁ። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። ባጃጆቹ የአዲስ አበባ ሰው መሆናችሁን ከቦርሳችሁ ያውቃሉ፤ ዋጋ ሳትነጋገሩ አትግቡ።

በማግስቱ ጠዋት ለገሃር ሄድኩ፣ ማለቴ የድሬው ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ። ድሬ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው፤ ተራራው አስቸግሮ እግሩ ሥር ቆመና እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ላይ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው ከ15 ዓመት በኋላ ነው። የከዚራን ሰፈር፣ ቀጥ ያሉ መንገዶቿንና ግራ ቀኝ የተተከሉትን ዛፎች ስታዩ ከተማዋ ከመኖሯ በፊት በወረቀት ላይ የተሠመረች መሆኗ ይገባችኋል። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራችሁ መጋላ ሰፈር ስትገቡ ደግሞ መንገዱ እንደ ልቡ ይጠማዘዛል። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ግን አትናቁት፣ በ1998 ክረምት በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል።

የድሮው ባቡር ጥገና ጋራዥ ውስጥ ለመግባት ቢሮ ጠይቃችሁ ፈቃድ ማግኘት አለባችሁ። ልፋቱ ግን ዋጋ አለው። የፈረንሳይ ዘመን ቶርኖዎች (የብረት መቅረጫ ማሽኖች)፣ የቆሙ ሎኮሞቲቮች፣ ብረት በብረት ላይ። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ እዚያ ከቆሙት አንዱም አዲሱ መስመር ላይ ሊወጣ አይችልም። በ2009 ዓ.ም. መግቢያ የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ሲመጣ አሮጌው መታደስ ሳይሆን መተው ነው የገጠመው። ብዙ ሺህ እጅ ሙያ የተማረበት ቦታ እንደዚያ ሲቆም ማየት ያበሳጫል። ሙዚየም ይሁን የሚሉ አሉ፤ እኔ ቢያንስ ግማሹ የሙያ ትምህርት ቤት ቢሆን እላለሁ።

ወደ ጥጥ ፋብሪካው የወሰዱኝ አንድ ጡረተኛ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም። ከዚራ ቁርስ ላይ ፈጢራ ስበላ አጠገቤ ተቀምጠው የቡናን ማልያ አይተው ነው ወሬ የጀመሩት። «አቦ፣ ይሄን ይዘህ ነው ከአዲስ አበባ የመጣኸው?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እርስዎስ የማን ደጋፊ ነዎት?» ስላቸው በጣታቸው ወደ ፋብሪካው አቅጣጫ አሳዩኝ። ሽመና ክፍል ነበሩ። «ፈረቃ ወጥተን ቤት አንገባም ነበር፤ ሜዳ ነው። የሚጫወተው ልጅ እኮ ከጎንህ የሚሠራ ነው። ጎል ቢስት ሰኞ ታገኘዋለህ» አሉ።

ለእኔ የጉዞው ፍሬ እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካ ቡድን ሲባል የስፖንሰር ስም ያለበት ማልያ ይመስለኝ ነበር። ለካ ደመወዙ፣ ሜዳው፣ ደጋፊው፣ ተጫዋቹ ከአንድ በር የሚወጡበት ነገር ነው። በሩ ሲጠብና ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ቡድኑም አብሮ ይጠባል፤ ማንም «አፍርሰነዋል» ብሎ ሳያውጅ ይጠፋል። ጋሼ ደግሞ ኳሱ ሞቷል አይሉም። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ ድሬ ላይ ሲካሄድ ሞሮኮን፣ ናይጄሪያን፣ ዛየርንና ሱዳንን አይተዋል። የዓለም ዋንጫ ደርሳ የመጣችው የአፍሪካ ሻምፒዮን ዛየር በናይጄሪያ 4 ለ 2 ስትሸነፍ የነበረውን ሁኔታ በእጃቸው እያሳዩ ነው የነገሩኝ። በመጨረሻ ዋንጫውን ሞሮኮ ወሰደች፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለ ናይጄሪያ ነው።

አሁን ስለ ጨዋታው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ በግማሽ ዝቅ ትላለች። የመጀመሪያው ጨዋታ ፀሐይ ሳትበርድ ነው የሚጀመረው። ተጫዋቾቹ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ሲራመዱ ብታዩ ስንፍና አይደለም፤ ስለዚህ ቡድናችሁን በመጀመሪያው ግማሽ ነው መመዘን ያለባችሁ። ቲኬት ስትገዙ ብር አትቆጥቡ፣ ጥላ ፎቅ ግቡ። ሁለተኛው ጨዋታ በፓውዛ ብርሃን ነው፣ ያኔ ንፋስ ይመጣል፣ ኳሱም ይፈጥናል፣ ርካሹ ቦታም ይበቃል።

ከተማዋ ቀትር ላይ ትዘጋለች። ሱቁ፣ ቢሮው፣ ሰዉ ሁሉ ጥላ ይፈልጋል፤ ከዚያ በርጫ ነው። የሰዓቱን ነገር ተቃውሞ የሚያሸንፍ የለም። ጠዋት በማለዳ ተነሱና ቀፊራ ገበያን፣ ጋራዡን፣ ፋብሪካዎቹን ጨርሱ፤ ምሳ በልታችሁ ተኙ፤ ከእንቅልፍ በቀጥታ ስታዲየም። ብርቱካናማዎቹ የሚጫወቱ ዕለት ግን እንቅልፉን ተዉትና ቀድማችሁ ግቡ። ከእኛ ጋር የተጫወቱ ቀን ከኋላዬ የነበሩት ልጆች ዘጠና ደቂቃ ሙሉ በቀልድ ሲጠብሱኝ ቆይተው ሲያልቅ ሙሸበክ የሚሉትን ጣፋጭ ገዝተው ጋበዙኝ። አቻ ነው የወጣነው፤ ጨዋታው ራሱ የሚወራለት አልነበረም።

አዲሱን የኢንዱስትሪ መንደር ሳላይ መመለስ አልፈለግኩም። የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ከጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠናው ተከፍቷል። ሐሳቡ ያው የድሮው ነው፦ ወደብ ቅርብ፣ ባቡር ቅርብ። ከውጭ ሲታይ ረጃጅም ሼዶች ናቸው። ሰርቪስ የሚጠብቁ ወጣት ሠራተኞችን «ፋብሪካችሁ የኳስ ቡድን አለው?» ብዬ ጠየቅኩ። ተሳሳቁብኝ። አንዷ «እኔ የአርሰናል ነኝ» አለችኝ፤ ሌላው ድሬዳዋ ከተማን በስልክ እንደሚከታተል ነገረኝ፣ በጨዋታው ሰዓት ሥራ ላይ ስለሚሆን።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አልገረማቸውም። በእኔ እይታ ዛሬ አብዛኞቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደር በጀት ቆመው ደመወዝ ዘገየ የሚል ዜና በየዓመቱ የምንሰማው ለዚህ ነው፤ ቡድኑን የሚመግበው ሥራ ሳይሆን የበጀት ዓመት ነው። እሳቸው ግን በዚህ አልተስማሙም። የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅም ሲቀየር በጀት ይቆርጥ ነበር፣ ተጫዋች ወደ ሸማኔነቱ የሚመለስበት ጊዜ ነበር አሉ። ልዩነቱ ያኔ ተጫዋቹ የሚመለስበት ሥራ ነበረው። እዚህ ላይ አሸነፉኝ።

የመመለሻ ቲኬታችሁን ድሬ እንደደረሳችሁ ቁረጡ፤ በውድድር ሰሞን ያልቃል። እኔ ባቡሩ ሞልቶብኝ በደንገጎ ዳገት በአውቶቡስ ነው የወጣሁት፤ መንገዱ ያምራል፣ ወገብ ግን ይጠይቃል። ውድድሩ ወደ ድሬ ሲመለስ እወርዳለሁ። ጋሼ ለምድር ባቡር የተጫወተ ጓደኛ አለኝ ብለውኛል፤ ሰውየው ከቀትር በኋላ ለማንም አይገኙም፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ከሆነ ግን ከለገሃሩ ፊት ለፊት ሻይ ላይ ናቸው።