ሳይሞት የቆረጥኩት ዛፍ

ሌሊት መብራት ሄደ። ማራገቢያው ሲቆም ዝምታው ቀሰቀሰኝ። ሴንት ጆን፣ ካሪቢያን ባሕር ላይ ያለችው ደሴታችን ላይ፣ ጥቂት ዓመት የኖረ ሰው ይገባዋል፤ እዚህ እንቅልፍ የሚነሳን ድምፅ ሳይሆን የድምፅ መጥፋት ነው። ልተኛ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ተነስቼ በረንዳው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ነፋስ የለም። ዝናብ የለም። ስልኬ ላይም ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ሆዴ ግን ቅር ብሎታል።

የአውሎ ነፋስ ወቅት ስለሆነ ነው መሰለኝ። በፈረንጆቹ ጁን 1 ይጀምርና እስከ ኖቬምበር 30 ድረስ አንድ ጆሯችን ሰማይ ላይ ነው። ቀን ቀን ሥራ አለ፣ ይረሳል። ሌሊት ሌሊት ግን ትንሽ ነገር ይበቃል።

ስለዚሁ ስለ መብራቱ ልጽፍላችሁ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ግን ዓይኔ ከግቢው በታች፣ አሸዋው የሚጀምርበት ቦታ ያለው ጉቶ ላይ አረፈ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ጉቶውን ታውቁታላችሁ፣ ፎቶውን ደጋግሜ ለጥፌዋለሁ። የባሕር ወይን ዛፍ ነው። እንዴት ጉቶ እንደሆነ ግን ጽፌ አላውቅም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

አውሎ ነፋሷ ኢርማ የመጣችው ጳጉሜን 1 ቀን 2009 ነው፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2017። ምድብ 5፣ የመጨረሻው ከባዱ ደረጃ ነበረች፤ ነፋሷ በሰዓት ከ280 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄድ ነበር። ስለዚያ ቀን ብዙ ጊዜ አውርቻችኋለሁ፣ አልደግመውም። ዛሬ የመጣብኝ ማግስቱ ነው። በሩን ፍርስራሽ ይዞት ስለነበር እየገፋን ወጣን። ኮረብታው ቡናማ ነበር። አንድ አረንጓዴ ነገር የለም። እሳት የበላው ነው የሚመስለው፣ ግን ጭስ የለም፣ አመድም የለም። ቅጠሉን ነፋሱ አርግፎታል፤ የተረፈውን ደግሞ ከባሕር የተነሳው ጨው አቃጥሎታል። የቤቱ ግድግዳ ላይ የተፈጨ ቅጠል ተለጥፎ ደርቋል። በጥፍሬ ስፍቀው እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ ይወድቃል። በኋላ ናሳ ከሳተላይት ያነሳቸውን ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን አየሁ፤ በፊት ደሴቶቹ አረንጓዴ፣ በኋላ ቡናማ። የእኛ ኮረብታ ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

ባሕሩ ዳር ስወርድ ደግሞ አሸዋው የለም። ከትናንት ወዲያ በባዶ እግራችን የቆምንበት ቦታ ድንጋይ ብቻ ሆኗል። የኮኮናት ዛፎቹ አናታቸው ተበጥሶ እንደ ስልክ እንጨት ቆመዋል። ጀልባዎች መንገድ ላይ ወጥተዋል። ያ ዛፍም እዚያው ነው። ራቁቱን ቆሟል። ግማሹ ቅርንጫፍ ተገንጥሏል፣ ግንዱ ወደ ቤቱ አጋድሏል፣ በባሕሩ በኩል ያለው ሥሩ ተገልጦ ይታያል።

ከዚያ ማጽዳት ጀመርን። ይህን በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም አሁንም የሚከነክነኝ እሱ ነው። መብራት የለም፣ ውሃ የለም፣ ስልክ የለም፣ ቤተሰብ በሕይወት እንዳለን አያውቅም። እጅህ ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር ማጽዳት ነው። ስለዚህ እናጸዳለን። ቅርንጫፍ እንጎትታለን፣ የባሕር ሣር በአካፋ እንዝቃለን፣ የወደቀ ግንድ እየቆራረጥን እናነሳለን። አንዱ ጎረቤታችን ሳያውቅ ማንሺኒል የሚባለውን ዛፍ ቆረጠ። ፈሳሹ እንደ ወተት ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል። ክንዱ እስከ ክርኑ ውኃ ቋጥሮ ነበር። እሱም በሦስተኛው ቀን እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ ተመለሰ። ማናችንም መቀመጥ አልቻልንም።

ሌላዋ አውሎ ነፋስ ማሪያ በአሥራ አራተኛው ቀን መጣች፣ መስከረም 10። ክንዷ የበረታው በጎረቤት ደሴታችን በሴንት ክሮይ ላይ ነበር፤ እኛን ጣሪያ አልባ እንዳለን ዝናብ አወረደችብን። እሷ ባለፈች በሳምንቱ ነው መጋዙን አንስቼ ወደ ዛፉ የወረድኩት።

ጎረቤቴ፣ እማማ የምላቸው፣ የቀረችው ግማሽ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ያዩኝ ነበር።

«ልጄ፣ ተዪው» አሉኝ።

«ሞቷል እኮ እማማ።»

«ሁጎ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ተዪው።»

ሁጎ የሚባለውን አውሎ ነፋስ በፈረንጆቹ 1989 አይተዋል። ማሪሊንን በፈረንጆቹ 1995 አይተዋል። እኔ ምን አይቻለሁ? እሺ ብያቸው ዘወር ሲሉልኝ ቆረጥኩት።

መጋዙ የገባበትን ቅጽበት እስከ ዛሬ እጄ ያስታውሰዋል። ሰጋቱራው አልበነነም። ደረቅ እንጨት ስትቆርጡ ይበናል፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። ይኼኛው ግን ቀላ ያለና እርጥብ ነበር፤ እየረገፈ አንጓዬ ላይ ይለጠፋል፣ ስጠርገው ተመልሶ ይለጠፋል። ቆም ብዬ አየሁት። አየሁትና ቀጠልኩ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። ራቁቱን ቆሞ በየቀኑ ጠዋት ማየቱ ስለከበደኝ ብቻ ነው የጣልኩት።

በዚያው ሰሞን ነው ኮረብታው ማቆጥቆጥ የጀመረው። ሳምንታት ነው የፈጀበት። መጀመሪያ ግንዱ ላይ፣ ቅጠል ይወጣል በማይባልበት ቦታ፣ እንደ ፀጉር ቀንበጥ አወጣ። በሩቅ ስታዩት አረንጓዴ ጭጋግ ይመስል ነበር። ከዚያ በፊት በየቤቱ ባለ ቢጫ ደረቷ ባናናኪት፣ እዚህ ሰው ስኳር ወፍ የሚላት፣ ወጥ ቤት ድረስ ትገባ ነበር። አበባ የለማ! ምን ትብላ። በቆርቆሮ ክዳን ስኳር በውሃ በጥብጠን እናስቀምጥላቸው ነበር። አንድ ቀን ሰባት ሆነው ክዳኑ ዳር ተደርድረው ሲጠጡ አይቼ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ኢርማ ከመጣች ጀምሮ ያኔ ነው የመጀመሪያዬ።

ስለ አሸዋው የተማርኩትም ከረፈደ ነው። ማዕበል የወሰደው አሸዋ ሁሉ ጠፍቶ አይቀርም። ብዙው ትንሽ ራቅ ብሎ ውሃው ሥር ይከመራል፣ ባሕሩ ሲረጋ ለስላሳው ሞገድ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ሲመለስ ግን የሚይዘው ይፈልጋል። ያ እኛ ቆሻሻ ብለን የጎተትነው ቅርንጫፍና የባሕር ሣር፣ ነፋስ የሚያመጣውን አሸዋ አንቆ የሚያስቀር እሱ ነበር። እሱ ሥር ነው ያቺ ቅጠሏ የፍየል ኮቴ የመሰለች ሐረግ መጥታ የምትዘረጋው። ከሐረጓ ኋላ የባሕር ወይኑ አለ። እኛ አሸዋውን ብቻ ነው የምናየው፣ ፎቶ ላይ የሚያምረው እሱ ስለሆነ። ነጩ አሸዋ ራሱ ከሰማይ አልወረደም፤ ብዙው በቀቀን ዓሣ ባሕር ሥር እንደ ድንጋይ የሚያድገውን ኮራል እየፋቀ በልቶ በሰገራው የሚያወጣው ነው፣ አንዱ ትልቅ ዓሣ በዓመት በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ያወጣል። ስንት ዓመት የተሠራ ነገር ነው በአንድ ቀን የሄደው። ሲናመን ቤይ ባሕሩ ዳር ከዴንማርኮች ዘመን የተረፈው አሮጌ የድንጋይ ሕንፃም በዚያው ቀን ሄደ። ሕንፃው ሲሄድ ሰው ሁሉ አዘነ፣ እኔም አዝኛለሁ። ከፊቱ ስለነበረው አሸዋ ግን ያወራ ሰው አልሰማሁም።

ሀሪኬን ሆል የሚባለው ወሽመጥ የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ባለ ጀልባው ወዳጃችን ወሰደኝ። ስሙ እንደሚለው የማዕበል መሸሸጊያ ነው፤ መርከበኞች ከድሮ ጀምሮ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ጀልባቸውን እዚያ አስገብተው ማንግሮቩ፣ ባሕር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ፣ ላይ ያስሩ ነበር። ለኢርማ ጊዜም አስረዋል። ስንደርስ ጀልባዎቹ ተደራርበው ዛፎቹ ላይ ወጥተው ነበር፣ አንዱ በአንዱ ላይ፣ ምሰሷቸው ተጣምሞ። ከሥራቸው ያለው ቀይ ማንግሮቭ ተጨፍልቋል። ያልተጨፈለቀውም ቅጠል የለውም።

ከማዕበሉ በፊት እዚያ ዋኝቼ ነበር። ሥሮቹ እንደ ሸረሪት እግር ከግንዱ ወጥተው ውሃ ውስጥ ይገባሉ፤ ጭንቅላታችሁን ስታጠልቁ እያንዳንዱ ሥር ላይ ሰፍነግ ተለጥፏል፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ፣ ከመሃሉ ደግሞ ኮራል በቅሏል። ከ30 በላይ የኮራል ዓይነት እዚያ ጥላ ሥር ይኖራል። በየሥሩ መሃል ጥፍር የማያክል ዓሣ ይሸሸጋል። ያንን ያየሁ ሰው ነኝ እንግዲህ። ግራጫውን እንጨት እያየሁ ለወዳጃችን «አታስብ፣ ያቆጠቁጣል» አልኩት። ኮረብታው ሲያቆጠቁጥ አይቼ መጥቻለሁ፣ ከጉቶዬ ተምሬያለሁ፣ አሁን መጠበቅ አውቃለሁ ብዬ ነው።

ጠበቅኩ። በየሁለት ወሩ ስሄድ ዓይኔ ቀንበጥ ይፈልጋል። ጥቁሩና ነጩ ማንግሮቭ እዚህም እዚያም ቅጠል አወጡ። ቀዩ ምንም የለም። ቀይ ማንግሮቭ አሮጌ ቅርንጫፉ ላይ ተኝቶ የሚጠብቅ እምቡጥ የለውም። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ከረገፈ እንደ ሌሎቹ ከግንዱ ማቆጥቆጥ አይችልም። ይህን የነገረኝ ሰው ሲነግረኝ ሁለተኛ ዓመቴን እየጠበቅኩ ነበር።

ለባሕር ወይኑ አንድ ወር አልሰጠሁትም። ለማንግሮቩ ሁለት ዓመት ሰጠሁት።

ማንግሮቩ ሌላ መንገድ አለው፣ እሱ እውነት ነው። ፍሬው እናቱ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ይበቅላል፣ እንደ እርሳስ ረዝሞ ነው የሚወድቀው፤ ውሃ ይወስደዋል፣ ጭቃ ካገኘ ይተከላል። በኋላ በኋላ ከሞቱት ሥር ሁለት ሁለት ቅጠል ያላቸው ብቅ ሲሉ አይቻለሁ። ደስ ይላል፣ በጣም ደስ ይላል። ግን እናቶቹ ከሞቱ ፍሬው ከየት ነው የሚመጣው፣ ከሌላ ወሽመጥ ተንሳፍፎ መምጣት አለበት። እኔ ቅርንጫፉ ላይ ሳፈጥ፣ ማየት የነበረብኝ ጭቃውን ነበር።

ጉቶው ግን አቆጠቆጠ። በቆረጥኩት በሦስተኛው ወር፣ ከሥሩ። አሁን አራት ግንድ ሆኗል፣ ሁለቱ ከእኔ ይረዝማሉ። ዛሬ ጠዋት ወርጄ ነካሁት። አዲሱ ቅጠል ሲወጣ መዳብ ይመስላል፣ ለስላሳ ነው፣ ያበራል፤ ሲያድግ እንደ ሰሃን ክብ ይሆንና እንደ ቆዳ ይጠነክራል፣ መሃሉ ላይ ያለው ጅማት ብቻ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ዘንድሮ ደግሞ አንዱ ጫፍ ላይ አረንጓዴ ዶቃ የመሰለ ፍሬ ዘለላ አለ። ቆጠርኩት፣ ሠላሳ አንድ ነው። አንድ ላይ አይበስልም፣ አንድ አንድ እያለ ነው ሐምራዊ የሚሆነው።

እማማ ልጃቸው ጋ ከሄዱ ቆዩ። ሲደውሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ «አፈራ?» ብለው ነው። መቁረጤን አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። እሑድ ሲደውሉ አፍርቷል እላቸዋለሁ፣ ይደሰታሉ።

እኔ ልጠይቃቸው የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ያኔ ሳያመነቱ ተዪው ያሉኝ ምን አይተው ነው? ግንዱን ነው፣ ወይስ ሁጎን ስላስታወሱ ብቻ? ሀሪኬን ሆልን ከኢርማ በኋላ አላዩትም፣ እግራቸው እምቢ ብሏቸው ነበር። ያንን ግራጫ ማንግሮቭ ቢያዩት ኖሮ እሱንም ተዪው ይሉኝ ነበር?