«ብር የለም» ከሚለው መልስ ጀርባ

ሰሞኑን ከሥራ መልስ አንድ ጉዳይ ይዤ እያጠናሁ ነው። የቴክኖሎጂ ድርጅቶች አዲስ ነገር እንዳይፈጥሩ የሚይዛቸው ምንድን ነው? እዚህ አዳማ ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆችን ስጠይቅ የሁሉም የመጀመሪያ መልስ «ብር የለም» ነው። እውነታቸውን ነው። ግን እዚያ ላይ ከቆምን ብዙ ነገር ያመልጠናል።

ለመነሻ የያዝኩት የኦስሎ ማንዋልን ነው። ኢኖቬሽን እንዴት እንደሚለካ የሚያስረዳ ዓለም አቀፍ መመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. የ2005ቱ እትም እንቅፋቶችን በዋናነት በወጪ፣ በዕውቀት፣ በገበያና በተቋማት ይመድባል። የመጨረሻው ሕግንም ይጨምራል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. መመሪያ እስኪያወጣ ድረስ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ለባንክና ለማይክሮፋይናንስ ብቻ የተተወ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ የጀመረው በሩ ከተከፈተ በኋላ ነው።

ያስቸገረኝ የፎቶ ፊልም አምራቹ ኮዳክ ነው። ኢንጂነር ስቲቭ ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ዲጂታል ካሜራ የሠራው እዚያው ኮዳክ ውስጥ ነው። ገንዘብም፣ ዕውቀትም፣ ገበያም ነበራቸው። ትርፉ ግን የሚመጣው ከፊልም ነው። አዲሱን መግፋት የራስን እንጀራ መንሳት ሆነባቸው። በኋላ ወደ ዲጂታል ቢገቡም እ.ኤ.አ. በ2012 ለኪሳራ ጥበቃ አመለከቱ። ይህ ከአራቱ የትኛው ውስጥ ይገባል? የትኛውም በደንብ አልያዘልኝም። ስለዚህ በሠንጠረዤ ላይ «ውሳኔና ጥቅም» የሚል አምስተኛ ዓምድ ጨመርኩ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ሌላ አከፋፈል ነው። አንዳንዱ እንቅፋት ገና ሳይጀመር ያስቀራል። ሌላው ሥራው ውስጥ ሲገቡ ነው የሚገለጠው። በአውሮፓ ድርጅቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አዲስ ነገር የሚሞክሩት ብዙ ጊዜ ካልሞከሩት የበለጠ እንቅፋት ይዘረዝራሉ። ስለዚህ «ችግር የለብንም» የሚል ድርጅት ምናልባት ያልሞከረ ነው። በጣም ደስ ያለኝ ግኝት ይህ ነው።

አሁን «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ማለት ትቻለሁ። «የቆመው የት ደርሶ ነው?» ብዬ ነው የምጠይቀው። አንድ ወዳጄ መጀመሪያ ብር ነው ያለኝ። ስንነጋገር ግን የሙከራ ሥሪቱ አልቆ ነበር። ለደንበኛ ይሰጥ ብሎ የሚፈርም ሰው ጠፍቶ ወራት ተቀመጠ። በእኔ ምደባ ይህ ወጪ አይደለም፤ አምስተኛው ዓምድ ነው።

ቀጥዬ የማናግረው ሐሳቡን ገና ሳይጀምሩ የተዉትን ነው። እነሱን ማግኘት ከባድ ነው፤ የቆመ ፕሮጀክት እንኳ የላቸውም። አዳማ ያላችሁና እንዲህ ዓይነት ታሪክ ያላችሁ ጻፉልኝ፤ ሠንጠረዡን አጋራችኋለሁ።